23 ቀን ያለ ኢንተርኔት፦ የአንድ ቤት ጉዳይ

በ2012 ዓ.ም. ሰኔ አጋማሽ ላይ አንድ መምህራችን በቴሌግራም ቀላል የሚመስል የቤት ሥራ ላኩልን። ቤታችሁ ውስጥ ማን በቀን ስንት ሰዓት ኢንተርኔት እንደሚጠቀም ለአንድ ወር መዝግቡ፤ ከዚያ ኢንተርኔት የዕለት ኑሯችሁን ምን እንዳደረገው ጻፉልኝ አሉ። የማስተርስ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች በኮሮና ምክንያት ከመጋቢት ጀምሮ ተዘግተዋል። የኛ ክፍል አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገብቶ ትምህርቱን እዚያ ቀጥሏል።

ሰኔ 15 ቀን መመዝገብ ጀመርኩ። ስምንት ቀን መዘገብኩ። በዘጠነኛው ቀን የሚመዘገብ ነገር ጠፋ።

ቤቱ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የምንኖረው አራት ሰዎች ነን። እማዬ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ እኔ፣ እና ያኔ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ትዘጋጅ የነበረችው ታናሽ እህቴ። አምስተኛዋ ታላቅ እህታችን ናት። እሷ ቤሩት ነው ያለችው፤ ሰው ቤት ትሠራለች። መዝገቡ ላይ ስሟን አላስገባሁትም ነበር። ቤት ውስጥ የለችማ። ይህ የመጀመሪያው ስህተቴ ነበር፤ ስህተት መሆኑን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው።

የስምንቱ ቀን መዝገብ እንዲህ ይላል። እኔ በቀን በአማካይ 4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ታናሽ እህቴ 3 ሰዓት ተኩል። ወንድሜ የሚሠራው በታክሲ መተግበሪያ ስለሆነ ስልኩ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነው፤ እሱን ትቼ ለራሱ የሚያየውን ብቻ 2 ሰዓት ብዬ ጻፍኩ። እማዬ 15 ደቂቃ። አንዳንድ ቀን ጭራሽ ዜሮ።

ሰኔ 22 ማታ፣ ሰኞ ነበር፣ መዝገቡን እያየሁ የመጀመሪያ ሐሳቤን ጻፍኩ። ቃል በቃል እነሆ፦ «ከቤታችን ኢንተርኔት ኑሮውን ይበልጥ የቀየረበት ሰው እኔ ነኝ። እናቴ ግን ያለ ኢንተርኔት መኖር ትችላለች።» ረክቼ ተኛሁ።

በዚያው ምሽት ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተገደለ።

ማክሰኞ ጠዋት ስነቃ ስልኬ ላይ ምንም አልገባም። መጀመሪያ ፓኬጄ ያለቀ መሰለኝ። ካርድ ሞላሁ፣ ፓኬጅ ገዛሁ፣ ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ። ታናሽ እህቴ ከመኝታ ቤት «ያንቺም እንቢ አለ?» አለችኝ። የወንድሜም እንቢ ብሎ ነበር። ከውጭ የጥይት የሚመስል ድምፅ ይሰማል። እማዬ መስኮቱን ዘግታ ቴሌቪዥን ከፈተች። ያን ቀን ማንም ከቤት አልወጣም።

ኢንተርኔት መጥፋት ለኔ አዲስ ነገር አልነበረም። የ12ኛ ክፍል ፈተና የተፈተንኩት በ2008 ዓ.ም. ነው። ፈተናው አፈትልኮ በፌስቡክ የወጣበትና ግንቦት 22 ቀን ልንፈተን ተቀምጠን የተሰረዘበት ዓመት ማለት ነው። ከወር በላይ ቆይተን እንደገና ተፈተንን፤ በዚያው ክረምት መግቢያ ፌስቡክና ቫይበር ተዘግተው ሰነበቱ። በ2011 ሰኔ የመመረቂያ ጽሑፌን ለማስገባት ስሯሯጥ፣ አንድ ጊዜ በፈተና ምክንያት፣ ከሰኔ 15ቱ የባለሥልጣናት ግድያ በኋላ ደግሞ ሌላ ጊዜ ጠፋ። ስለዚህ የመጀመሪያ ግምቴ ቢበዛ አንድ ሳምንት ነበር። ደብተሩን አልዘጋሁትም። «ሰዓት» የሚለውን ዓምድ ሰርዤ «የቀረበት ነገር» ብዬ ጻፍኩበትና መመዝገቤን ቀጠልኩ።

ከራሴ ልጀምር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጄ ሳላዝዘው ወደ ስልኩ ይሄድ ነበር። ከፍቼ፣ አይቼ፣ ዘግቼ፣ ከደቂቃ በኋላ እንደገና። በአምስተኛው ቀን ቀነሰ። እንቅልፌ ተስተካከለ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። የቀረብኝን ስጽፍ ደግሞ በጣም ገረመኝ። ከአራት ሰዓት ከአርባው ውስጥ የትምህርት የሆነው ሃምሳ ደቂቃ ቢሆን ነው። የቀረው የሰው ሕይወት ማየት፣ የማላውቃቸው ሰዎች ሲጨቃጨቁ ማንበብ፣ ከአንድ ቪዲዮ ወደ ሌላው መሄድ ነበር። ያ ሲጠፋ የጎደለብኝ ነገር አልነበረም። ሃምሳው ደቂቃ ግን ጎዳኝ። ለጥናቴ የምፈልጋቸው ጽሑፎች ኢሜይሌ ውስጥ ቀሩ። የክፍል ተወካያችን በራሱ ካርድ እየደወለ የቤት ሥራ ማስገቢያ ቀን መራዘሙን ለሁላችንም ነገረን። ስሙን ብጠራው ደስ ይለኝ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰው በየክፍሉ ይኑር።

ወንድሜ ወደ ድሮው ተመለሰ። ከተማው ትንሽ ሲረጋጋ መኪናውን ይዞ ሆቴል በር ላይና ሆስፒታል አካባቢ መቆም ጀመረ። «ኮንትራት» እያለ ይጠራል፣ ዋጋ ይደራደራል። መተግበሪያው ሲኖር ዋጋውን ስልኩ ይናገራል፤ እሱ ይነዳል፣ በቃ። አሁን ከያንዳንዱ ሰው ጋር መከራከር አለበት። አንድ ማታ መጥቶ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ «ደከመኝ፤ መንዳቱ አይደለም፣ ማውራቱ ነው» አለ። ገቢው ከግማሽ በታች ወረደ። መኪናዋ የሱ አይደለችም፣ በየሳምንቱ ለባለቤቱ የሚገባ ገንዘብ አለ። ባለቤቱ ደግሞ ኢንተርኔት ጠፋ ብሎ አይምርም። ያን ወር እማዬ ከዕቁቧ አውጥታ ሰጠችው።

ታናሽ እህቴ መላ አታጣም። ለፈተና የምትዘጋጅባቸው የቴሌግራም ቻናሎች ሲጠፉ አንድ ቀን አለቀሰች፤ በነጋታው ከብሎካችን ልጆች ጋር ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ስልክ ለስልክ በዜንደር እየተላላኩ ነው። ዜንደር ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ሁለት ስልኮች አጠገብ ላጠገብ ከሆኑ ይበቃል። ማን የየትኛውን ዓመት ጥያቄ አውርዶ እንደነበር ተጠያየቁ። የፊዚክሱ ከሦስተኛ ፎቅ ልጅ፣ የሒሳቡ ከጎን ብሎክ ተገኘ። ፎቶ ኮፒ ቤቱም ፍላሽ ይዞ ለመጣ ልጅ ካለው ፒዲኤፍ ይገለብጥለት ጀመር። እኔም አፍሬ ሳልቀር ፍላሼን ይዤ ሄድኩ።

ይህን ሳይ ጀሪካን ትዝ አለኝ። ጀሞ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። የመጣ ቀን ያለውን ዕቃ ሁሉ ሞልተን እናስቀምጣለን። ልጆቹ ያደረጉትም ይኸው ነው፤ ቀድሞ የተቀዳውን መካፈል። ኢንተርኔት ሲጠፋ በጀሪካን የሚቀመጥ ነገር እንዳለ ገባኝ። ጽሑፍ ይቀመጣል። የድሮ ጥያቄ ይቀመጣል። ዘፈን፣ ፊልም፣ መጽሐፍ ይቀመጣል። የማይቀመጥ ነገር እንዳለም ገባኝ፤ እሱን ያየሁት እማዬ ላይ ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ።

የእማዬ 15 ደቂቃ በሙሉ ኢሞ ነው። ሌላ ነገር ከፍታ አታውቅም። እህቴ የምትኖረው በማዳም ቤት ዋይፋይ ነው። የሊባኖስ ሲም ካርዷ ከተዘጋ ቆይቷል፣ ለመሙላት የሚተርፋት ገንዘብ የለም። ሥራ ጨርሳ ማታ ክፍሏ ስትገባ ትደውላለች። መደወል ካልቻለች የድምፅ መልእክት ትተዋለች። እማዬ ጠዋት ቡና እያፈላች ትሰማዋለች። ሁለቱ የሚያወሩት ትልቅ ነገር አይደለም። ምን በላሽ፣ ሳልሽ ተሻለሽ፣ ጎረቤት ማን ወለደ። ሲያልቅ እማዬ ስልኩን ስማ ታስቀምጠዋለች።

የሰኔ 2012 ጊዜ ለቤሩት መጥፎ ጊዜ ነበር። የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋው ወርዷል፣ ዶላር ጠፍቷል። ብዙ ቀጣሪዎች የሠራተኞቻቸውን ደመወዝ መክፈል አቁመዋል። አንዳንዶቹ ኢትዮጵያውያኑን ልጆች ከነሻንጣቸው ቆንስላው በር ላይ እየጣሏቸው ሄደዋል። ፎቶውን ሁላችንም አይተነዋል፤ እማዬም በኔ ስልክ አይታዋለች። እህቴ አራት ወር ደመወዝ አላገኘችም። የመጨረሻው መልእክቷ የሰኔ 22 ማታ ነው፦ «ማዳም ስለኔ ከባሏ ጋር ሲያወሩ ሰማሁ። ነገ እነግርሻለሁ እምዬ።»

ነገ ሰኔ 23 ነበር።

በመጀመሪያው ቀን እማዬ ምንም አላለችም። በሁለተኛው ቀን ስልኳን ይዛ መጥታ «እስኪ እይልኝ፣ ምን ነክቼበት ነው?» አለችኝ። ኢንተርኔቱ ከአገሩ ሁሉ ነው የጠፋው ብዬ አስረዳኋት። «ስልክ ይሠራ የለ እንዴ?» አለች። ይሠራል። ደወልን። ቁጥሩ ዝግ ነው። የምናውቀው ሌላ የቤሩት ቁጥር የለም። የማዳምን ቁጥር እህቴ አንድ ጊዜ ልካልኝ ነበር፤ የላከችው ግን በኢሞ ነው፣ ወደ ኋላ ሄጄ ልፈልገው ስል አልከፍትልሽ አለኝ።

በአምስተኛው ቀን እማዬ ምግብ መብላት ቀነሰች። ሌሊት ትነሳለች። ሳሎን መብራት ሳታበራ ተቀምጣ አገኛታለሁ። «ጥለዋት ከሆነ ማን ይነግረኛል?» ትላለች። ምን ብዬ ልመልስ? እኔ እኮ በዚያው ሌሊት ከወራት ወዲህ የመጀመሪያውን ጥሩ እንቅልፍ ተኝቼ ነው የነቃሁት። ያን ጊዜ ነው ወደ ክፍሌ ገብቼ የሰኔ 22 ሐሳቤን እንደገና ያነበብኩት። «እናቴ ግን ያለ ኢንተርኔት መኖር ትችላለች።» በእስክሪብቶ ሰረዝኩት። መዝገቤ ውሸት አልነበረውም፤ ደቂቃዎቹ ትክክል ናቸው። የተሳሳተው ጥያቄው ነው። ስንት ሰዓት ብዬ ጠየቅሁ፤ ምን ተሸክሞ ይመጣል ብዬ አልጠየቅሁም። የኔ አራት ሰዓት ባዶ መኪና ነበር። የእማዬ 15 ደቂቃ ሰው ይዞ ነው የሚመጣው።

በዘጠነኛው ቀን፣ ሐምሌ 1፣ ከማናውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለ። እማዬ አላነሳችውም፤ የማታውቀው ቁጥር አታነሳም። ሁለተኛ ሲደወል ወንድሜ ቀምቶ አነሳው። እህቴ ናት፣ በጓደኛዋ ካርድ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ደህና ናት፣ እዚያው ቤት ናት፣ ማዳም ግማሽ ደመወዝ ልትከፍላት ተስማምታለች። እማዬ የተናገረችው «አለሽ? አለሽ?» ብቻ ነው። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ።

ኢንተርኔቱ ስለጠፋበት ምክንያት ዝም ብዬ ማለፍ ተገቢ አይደለም። በዚያ ሳምንት ብዙ ሰው ሞቷል። የእማዬ ዘመዶች ሻሸመኔ ናቸው፤ ሱቅና ቤት ሲቃጠል በስልክ እያለቀሱ ነግረውናል። ፌስቡክ ላይ ሰው በሰው ላይ እንዲነሳ የሚጽፉ ነበሩ፣ አይቻቸዋለሁ፣ ከተመለሰም በኋላ አይቻቸዋለሁ። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የወጣው በዚያው ዓመት ነው፤ ያለ ምክንያት አልወጣም። ስለዚህ መንግሥት እሳት ለማጥፋት ብዬ ነው ሲል አልሳለቅም።

ከቤታችን ያየሁትን ግን ልናገር። ወሬ አልጠፋም። በስልክ፣ በደረጃ፣ በሱቅ በር ይዞር ነበር። አንድ ማታ ነገ መንገድ ሁሉ ይዘጋል ተባለ። ብሎኩ ሁሉ ወደ ሱቅ ሮጠ፤ ወንድሜ ዘይትና ሽንኩርት በውድ ገዝቶ ገባ። በነጋታው ምንም አልተዘጋም። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ከአምስት ቦታ አይቼ ውሸት ነው እላለሁ። አሁን የማይበት ቦታ የለም። የጠፋው ማጣሪያው ነው።

አገር በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዴት ሊጠፋ ይችላል ብላ ታናሽ እህቴ ጠይቃኝ ነበር። መልሱ ቀላል ነው። ያኔ በኢትዮጵያ የቴሌኮም ድርጅት አንድ ብቻ ነበር፤ ከ46 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ በዚያው በር ነው የሚወጣው። በሩ አንድ ከሆነ ቁልፉም አንድ ነው። በ2011 ሐምሌ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኢንተርኔት ውሃ ወይም አየር አይደለም ብለው ነበር። ለኔ አራት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይህ አባባል እውነት ነው። ለእማዬ አይደለም። ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሚከታተለው ኔትብሎክስ የአገሪቱን ኪሳራ በቀን ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገምቶታል። ቁጥሩን ሳነብ የወንድሜ ኪሳራ እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል ብዬ አሰብኩ። የእማዬን ሌሊት ግን የት ዓምድ ውስጥ ያስገቡታል?

ሐምሌ 7 እና 8 አካባቢ የመስመር ኢንተርኔት ባላቸው ቦታዎች መመለስ ጀመረ። የሞባይል ዳታ ገና ነው። ወንድሜ አንድ ተሳፋሪ ሆቴል አድርሶ ሲመለስ «ሰው ሎቢ ውስጥ ስልክ ይዞ ሞልቷል» አለ። እማዬ ነጠላዋን ለበሰች። ማስኳን አደረገች። ሌላ ጊዜ ሆቴል እንግባ ብንላት «ምን ሥራ አለኝ» የምትል ሴት ናት። ሦስታችን አንድ ማኪያቶ አዘን ጥግ ላይ ተቀመጥን። የይለፍ ቃሉን አስገባሁላት።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ስልኩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አላቋረጠም። 27 የድምፅ መልእክት። እማዬ ደነገጠች፣ ከዚያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ደህና መሆኗን እኮ ታውቃለሽ፣ የመጨረሻውን ስሚ አልኳት። እንቢ አለች። ከመጀመሪያው ጀምራ በተርታ ሰማቻቸው። «እምዬ ለምን አታነሺም?» የሚል አለ። «ተቀይመሽኝ ነው?» የሚል አለ። እህቴ እዚያ ሆና ስለ ግድያው ሰምታ እኛ የሞትን መስሏት ያለቀሰችበት አለ። እማዬ ለያንዳንዱ ትመልሳለች፤ መልእክት አትልክም፣ እንዲሁ ለስልኩ ትናገራለች። «አለሁ ልጄ። አለሁ። ኧረ አልተቀየምኩም።» አጠገባችን የተቀመጡት ሰውዬ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

እዚያ ነው እህቴን መዝገቡ ውስጥ ያስገባኋት። በሁለት ወገን ሌሊት የማይተኙ ሁለት ሰዎች እንደነበሩ ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

የቀረው አጭር ነው። የህዳሴው ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት ዜና ሐምሌ 15 በቴሌቪዥን ተነገረ፤ ብሎኩ እልል አለ። በማግሥቱ ሐሙስ ሐምሌ 16 የሞባይል ዳታ ተመለሰ። 23 ቀን ሆኖት ነበር። ወንድሜ ወደ መተግበሪያው ተመለሰ፣ የባለቤቱን ዕዳ ለመጨረስ ሁለት ወር ፈጀበት። ታናሽ እህቴ የፈተነቻት ኮሮና ናት፤ ፈተናው እስከ 2013 የካቲት መጨረሻ አልተሰጠም። እኔም በሦስተኛው ቀን ወደ አራት ሰዓቴ ተመለስኩ። አልተለወጥኩም፤ ቢያንስ ግን የትኛው ደቂቃ ምን እንደሚይዝ አውቃለሁ።

የቤት ሥራውን አሻሽዬ ጻፍኩ። ለመምህሬ የሰዓቱን ሰንጠረዥ አስቀምጬ አጠገቡ ሁለት ዓምድ ጨመርኩ። አንዱ «ምን ይዞ ይመጣል»፣ ሌላው «በጀሪካን ይቀመጣል ወይ»። የማስገቢያው ቀን ሐምሌ 30 ነበር። ሐምሌ 28 ማታ ልጨርሰው ተቀምጫለሁ።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ7 ደቂቃ የቤሩት ወደብ ፈነዳ።

እኛ አላወቅንም። እማዬ ወጥ እየሠራች ነበር። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠ። እጇን በመቀነቷ ጠርጋ አነሳችው። «እምዬ፣ ደህና ነኝ፣ መስታወቱ ብቻ ነው የተሰበረው፣ ደህና ነኝ።» ምን መስታወት እያለች ወደኔ ስትዞር ነው ቴሌቪዥኑ ጭሱን ማሳየት የጀመረው። ቆማ አየችው። ከዚያ መልእክቱን ደግማ ሰማችው፣ ስልኩን ስማ አስቀመጠችው፣ ወደ ወጡ ተመለሰች።

ደብተሬን ከፈትኩ። በሐምሌ 28 መስመር፣ ከእማዬ ስም ፊት ለፊት፣ «5 ሴኮንድ» ብዬ ጻፍኩ።